ተመላላሽ ነርስ ወይስ አዳሪ አስታማሚ?

አዳማ ውስጥ ወላጅ የሚያስታምሙ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ።

ወጪ፦ ነርሷ የሚከፈላት በመጣች ቁጥር ነው። በየቀኑ ከሆነ ኪስ ይጎዳል። አዳሪዋ የወር ደሞዝ፣ ምግብና መኝታ ትፈልጋለች፤ ግን ሌሊትም አለች።

ሙያ፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ነርሷ ቁስል ታጥባለች፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ትቀይራለች። አዳሪዋ እነዚህን ባትነካ ይሻላል። ግን አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። በሳምንት 3 ቀን ብቅ የምትል ነርስ ደግሞ ይህን ልትሠራው አትችልም። የእኛዋ አዳሪ ማገላበጡን የተማረችው ከነርሷ ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም።

ስጋት፦ ነርሷን የሙያ ፈቃድ፣ አዳሪዋን ተያዥ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። ለአዳሪዋ ሳይነገራት ጎረቤትም ብቅ ትበል። ስኳር ላለበት ደግሞ የአዳማ ሙቀት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚያየው ያው ቤት የዋለ ሰው ነው።

ለማን? ቁስል ወይም ካቴተር ካለ፣ ወይም ከሆስፒታል ገና መውጣቱ ከሆነ፣ ነርስ። ራሱን ችሎ የሚበላ፣ ግን የሚረሳና ሌሊት የሚነሳ አባት ካላችሁ አዳሪ። እኛ አዳሪዋን ይዘን ነርሷን በሳምንት አንዴ እንጠራለን።