ለሞዴል ባቡር ተራራ፦ ጀሶ ወይስ ፎም?

ከልጅ ልጆች ጋር ለሞዴል ባቡር መልክዓ ምድር መሥራት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚያከራክረው ተራራው ነው።

ጀሶ የቆየው መንገድ ነው። ጋዜጣ ጨምድዶ በሚለጠፍ ፕላስተር ማያያዝ፣ ከዚያም ለተሰበረ እጅ የሚጠቀለለውን ዓይነት የጀሶ ፋሻ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማልበስ። ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም፤ እስከ ክርኑ ይነጣል፣ ወለሉም አብሮት። ጀሶ ሲጠጥር ሙቀት ስለሚያወጣ ግን እጁን በወፍራም ጀሶ ውስጥ ነክሮ እንዲያቆይ አይፈቀድለትም፤ ቆዳ ያቃጥላል። የተረፈውን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የደፋ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ለመጥራት ይዘጋጅ።

የፎም ሥራ፣ ማለትም የፍራሹ ስፖንጅ ሳይሆን ጠጣሩ የፎም ሰሌዳ፣ ንጹሕ ነው፤ ሰሌዳዎቹን ደራርቦ በእንጨት ኮላ ማጣበቅ፣ መጥረብ፣ መቀባት። ጠንካራ ሽታ ያላቸው አንዳንድ ማጣበቂያዎች ፎሙን ይበሉታል። ቢላዋው ከአያት እጅ ስለማይወጣ ትንሹ ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ይስማማዋል፣ በተለይ ዋሻ ካለ። በ1:87 መጠን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ረጅም ፉርጎ ሲታጠፍ ጎኑ ወጣ ይላል፤ የፎም ዋሻ እየለኩ ይጠረባል፣ የጠበበ የጀሶ ዋሻ ግን መፍረስ ነው ዕጣው።

ልጆቹ በዕድሜ ከተራራቁ ውስጡን ታላቁ በፎም ይጥረብ፣ ላዩን ታናሹ በጀሶ ያልብሰው።