ውሃ የሚደፋ ማሽን ገዛሁ፦ አዳማ ላይ የአሥር ወር ልምዴ

ዕቃውን ያስገጠምኩት ጥቅምት 2017 ላይ ነው፤ አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው። ሦስት ሳጥን ነው፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ። ገጠማውን ጨምሮ የፈጀው ገንዘብ አምስት የክፍል ቦይለር ይገዛል። ሥራው ሲነገር ግን ያስቃል፦ በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ ተከፍቶ ቧንቧ ውስጥ የተኛውን ውሃ ያፈስና ይዘጋል። በቃ። ጥበቃችን አባባ ገና በመጀመሪያው ቀን አይተውት «እትዬ፣ ሰው ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍበት አገር ውሃ የሚደፋ ማሽን በገንዘብ ይገዛል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሕንፃችን ምድር ቤቱ ሱቅ፣ አንደኛ ፎቁ ቢሮ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው 22 ክፍል ያለው ፔንሲዮን ነው። የአዳማ የእንግዳ ነገር ደግሞ ይታወቃል። ስብሰባና ሥልጠና ሲኖር ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ይጎርፋል፣ አልጋ ጠፍቶ ሰው ይለማመጣል። ስብሰባው ሲበተን ኮሪደሩ ጭር ይላል። እነዚያን ጭር ያሉ ቀናት ውሃው ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋቸዋል። ከዚያ አንድ እንግዳ ገብቶ ሻወር ሲከፍት የመጀመሪያው ውሃ ለብ ያለና የሚሸት ይሆናል።

ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠውን የክሎሪን (ውሃ ውስጥ ጀርም የሚገድለው መድኃኒት) መለኪያ ገዛሁ፤ ኪኒን ሲጨመርበት ውሃው ሮዝ የሚሆነውን። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። መንገድ ዳር ቆጣሪያችን ጋ 0.4 አገኘሁ። ሦስተኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ሰው ያልገባበት ክፍል ውስጥ ግን ኪኒኑ ሟሙቶ አለቀ፣ ውሃው ቀለሙን አልቀየረም። ክሎሪን በቆመ ውሃ ውስጥ እያለቀ ይሄዳል፤ ሙቀት ሲታከልበት ቶሎ ያልቃል።

ሽታውስ ያልፋል፤ እኔን ያስፈራኝ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላዴልፊያ ውስጥ ለስብሰባ ሆቴል ያረፉ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ታመው በርካቶች ከሞቱ በኋላ ነው የታወቀው። ለስብሰባ የመጡ! የአዳማ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም። ባክቴሪያው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ሰውን የሚይዘው ውሃው ሲጠጣ ሳይሆን የሻወሩ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። አውሮፓውያን ቀዝቃዛው መስመር ከ20 ዲግሪ በታች ይሁን ይላሉ። የእኔ ሮቶ ገና በማለዳ 26 ነው። ውሃውን ማቀዝቀዝ ካልቻልኩ እንዳይቆም ማድረግ ነበረብኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት የውሃ መዝጊያ)፣ ታይመርና ትንሽ ቆጣሪ አለ። የሚገጠመው ኮሪደሩን ይዞ በሚሄደው መስመር መጨረሻ ላይ ነው። የሚያፈስበት ቱቦ አፍ ከፍሳሹ ጋር እንዳይነካካ ክፍተት ይተውለታል፤ ቆሻሻ ወደ ንጹሑ መስመር እንዳይሳብ።

የመጀመሪያው ጣጣ የሰዓት ነበር። ቴክኒሽያኑን «ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አድርገው» አልኩት፣ እሱም 7:00 ብሎ ሞላው። ማሽኑ ግን ሀበሻ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልክ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሠልጣኙ ሁሉ ሳሙና ተቀብቶ ቆሞ ሳለ ሲያፈስ ከረመ። ግፊቱ ለምን እንደሚወርድ ሳጣራ ሁለት ጊዜ ፓምፕ አስፈትሻለሁ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የሦስተኛ ፎቁ ሳጥን ከከፈተ በኋላ በደንብ አይዘጋም፣ ሲያንጠባጥብ ያድራል። የሁለተኛ ፎቁ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ተፈቶ ታጠበ፣ ጎማው ተቀየረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፦ «ዝቅተኛ ግፊት 0.5 ባር» ይላል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ይህ ዓይነቱ ቫልቭ ኤሌክትሪኩ የሚከፍተው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ዋናውን ጎማ የሚያነሳውና መልሶ የሚያስቀምጠው የውሃው የራሱ ግፊት ነው። ጣራችን ላይ ካለው ሮቶ እስከ ሦስተኛ ፎቁ ሳጥን ቁመቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ስለሚሰጥ ያለኝ 0.3 ነው። ሁለተኛ ፎቅ ስድስት ሜትር ስለሚሆን 0.6 ያገኛል፣ ይሠራል። የሸጠልኝ ሰው ውሃው ከጣራ በራሱ እንደሚወርድ ያውቅ ነበር፤ ሳይጠይቅ ሸጠልኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ ገዛሁ።

የሦስተኛ ፎቁን በሞተር በሚዞር ቦል ቫልቭ (ቀዳዳ ያላት ኳስ ዞራ የምትከፍተውና የምትዘጋው) ቀየርነው፤ እሱ ግፊት አይፈልግም። ተገላገልን ስንል ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ቫልቩ በተከፈተ በደቂቃው መብራት ሄደ። ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ሲያጣ በራሱ ይዘጋል፤ ይሄኛው ግን ባለበት ቆመ፣ ክፍቱን። እንግዳ ስላልነበረ ጀነሬተር አልተነሳም። በደቂቃ 10 ሊትር፣ እስኪነጋ አምስት ሰዓት፦ 3,000 ሊትር ወደ ፍሳሽ። ያን ሳምንት ውሃ በፈረቃ ሦስት ቀን ቀርታ ነበርና ጠዋት ሮቶው ሲንኳኳ ከበሮ ሆኗል። አሁን ባትሪ ተደርጎለታል። እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዙ ሰዎች ስለ ዋስትናው ከመጠየቃችሁ በፊት «መብራት ሲጠፋ የት ላይ ይቆማል?» በሉ።

ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። ሳጥኑ ሲመጣ የተሞላው በየቀኑ ሦስት ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሊትር እንዲያፈስ ነው። በሦስት ፎቅ በወር 2,700 ሊትር ይሆናል። እውነትም ነውር ነው። ግን ቧንቧው ስንት ይይዛል? ኮሪደሩ ላይ ያለው የውጭ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒፒአር የሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ግድግዳው ወፍራሙ ዓይነት ነው፣ ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር፤ አንዱ ሜትር 0.2 ሊትር ገደማ ይይዛል። 28 ሜትሩ 6 ሊትር ነው! እጥፍ አድርጌ 12 ሊትር ወሰንኩ። ቀኑንም ወደ ሦስት ቀን አንዴ አራዘምኩት፤ የጀርመኖች መመሪያም ውሃ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆም ይላል። በወር 360 ሊትር ሆነ። ክፍሎቹ ሲሞሉ ደግሞ አጠፋዋለሁ፤ ማሽኑ እንግዳ መኖር አለመኖሩን አያውቅም።

ያችም ብትሆን ፍሳሽ አትገባም። የሚወጣው ቆሞ የቆየ ውሃ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ታች በርሜል ውስጥ እናጠራቅመዋለን፣ ኮሪደርና ደረጃ ይወለወልበታል። አባባ ከበሩ ጎን ያለችውን ሎሚ ያጠጡበታል። አሁን በርሜሉ ሲጎድል «ዛሬ አላፈሰም እንዴ?» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ክሎሪኑስ? ይሄ ነው ያናደደኝ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ሠርጉም ስብሰባውም ሲቀዘቅዝ ፔንሲዮኑ ባዶውን ከረመ። ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ሳለ ለካሁ፤ አሁንም ዜሮ። ጣራ ላይ ወጥቼ ስለካ ሮቶው ራሱ ዜሮ ነው። ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ አለን፤ ሕንፃው በጭር ቀን የሚጠቀመው 1,500 ሊትር ነው። አስቡት፣ ውሃው ጣራ ላይ ፀሐይ እየሞቀ 13 ቀን ይቀመጣል። ማሽኑ የቆየውን አስወጥቶ የባሰ የቆየ ያስገባል። አንዱን ሮቶ አራግፈን አድርቀን ዘጋነው (ውሃ ይዞ ከተዘጋ ሌላ ጣጣ ነው)፣ ሌላውን በግማሽ እንዲሞላ አደረግን። ክዳኑንም አሠራነው፤ የአዳማ ነፋስ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ አይደለም የሚያዞረው፣ አቧራውን ሮቶ ውስጥ ይከታል። ከዚያ በኋላ መጨረሻ ክፍል ላይ 0.1፣ አንዳንዴም 0.2 ማግኘት ጀመርኩ። ፈረቃው ሲራዘም ግማሽ ሮቶ እንደሚያስጨንቅ አልደብቅም።

ማሽኑ የማይደርስበት ብዙ ነው። ከኮሪደር ወደ ክፍሉ የሚገባው ቧንቧና የሻወሩ ላስቲክ አይታጠቡም፤ ልጆቹ አሁንም በሳምንት አንዴ ባዶ ክፍሎቹን እየዞሩ ሻወሩን ወደ ታች ይዘው ይከፍታሉ። ቦይለር ደግሞ «መብራት ይቆጥባል» ተብሎ ጠፍቶ ሲከርም ለብ ያለ ውሃ ማቆያ ነው፤ እንግዳ ከመግባቱ በፊት 60 ዲግሪ ድረስ እንዲሞቅ አድርገናል። አንዱ ተከራይ ለፍሎራይድም ይረዳ እንደሆነ ጠይቆኛል። ምንም አይረዳም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከመሬት በሚወጣ ውሃ የሚገኘው፣ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ በማፍሰስ አይለቅም።

ክረምት ላይ አዋሽ ሲደፈርስ የሳጥኖቹ ወንፊት ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። ሐምሌን በየአሥር ቀኑ አጥበናል፤ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

ደግሜ እገዛለሁ? ለእንግዳ ፎቆቹ አዎ፣ ግን ሮቶውን ካስተካከልኩ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። አሥር ክፍል የማይሞላ ቤት ያለው ሰው ግን እየዞረ ቧንቧ የሚከፍት ታማኝ ሠራተኛና የከፈተበትን ቀን የሚመዘግብበት ደብተር ይበቃዋል። የቢሮው ፎቅ ላይ ያለው ከንቱ ወጪ ነበር፤ ከእሑድ በቀር ሰው የማይጠፋበት ቦታ ነው። ባለፈው ሳምንት አስነቀልኩት። ሶሌኖይዱ መለዋወጫው በቀላሉ ስለማይገኝ ለሁለተኛ ፎቁ ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።