የትኛው ዋይ-ፋይ ራውተር ተራ ያስከብራል? ንጽጽር ለቤት፣ ለካፌና ለሁለት ሕንጻ

የራውተር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት ነው፤ 300፣ 1200፣ 3000 ሜጋ ቢት። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ስናወራ ድምፅ የሚቆራረጠው ግን ብዙ ጊዜ ፍጥነት አንሶ ሳይሆን ተራ ጠፍቶ ነው። ስለዚህ አራቱን አማራጮች የመዘንኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ብዙ ስልክ አንድ ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ ሲጋፋ ዕቃው የአየሩን ሰዓት እንዴት ያከፋፍላል?

አንድ ስሌት እናስቀድም። የተለመደው ዋይ-ፋይ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚያናግረው አንድ መሣሪያ ነው፤ ሌላው እያዳመጠ አየሩ ዝም ሲል ይገባል። 1500 ባይት የሆነች አንዲት ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) በ300 ሜጋ ቢት ስትላክ አየሩን የምትይዘው 0.04 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከሁለት ግድግዳ ጀርባ ጓዳ ውስጥ ያለ ስልክ ሲግናሉ ደክሞ ወደ 6 ሜጋ ቢት ከወረደ ግን ያቺው ፓኬት 2 ሚሊ ሰከንድ ትፈጃለች፤ 50 እጥፍ። ዋይ-ፋይ የሚያካፍለው ተራን እንጂ ሰዓትን ስላልሆነ፣ ራውተሩ አጠገብ የተቀመጠውም ሰው አብሮ ይንቀራፈፋል። ከ20 ዓመት በላይ የሚታወቅ ችግር ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ አፕሎድ እያደረገ፣ እናንተ መጀመሪያ ራሱን ራውተሩን (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው)፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን (ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር) ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደመጣ ይለካል። ራውተሩ ድረስ ያለው ቁጥር ወደ ላይ ከዘለለ ችግሩ አየሩ ላይ ነው። ራውተሩ ድረስ ረግቶ ወደ ውጭ ያለው ብቻ ከዘለለ፣ ፓኬቶቹ የኢንተርኔት መስመሩ ደጃፍ ላይ ተከማችተው ተሰልፈዋል። እህቴ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያገኘሁት ሁለተኛውን ነበር። ውድ ራውተር ልትገዛ ተነስታ ነበርና እንኳን አስቀድመን ለካን።

ርካሹ፣ ደብሊው-ኤም-ኤም ብቻ ያለው። ትራፊኩን ድምፅ፣ ቪዲዮ፣ መደበኛና ኋላ የሚቆይ ብሎ በአራት መደብ ይከፍላል፤ ድምፅ ቶሎ ይገባል። ድካሙ፣ ፓኬቷ «እኔ ድምፅ ነኝ» የሚል ምልክት ካልያዘች ከመደበኛው ጋር መሰለፏ ነው፤ ብዙዎቹ ከኢንተርኔት የሚመጡት ያለምልክት ነው። ሁለት ሦስት ስልክ ላለበት ቤት ይበቃል። ሴቲንጉን ግን እንዳታጠፉት፤ ከጠፋ ዋይ-ፋዩ ወደ 54 ሜጋ ቢት ይወርዳል።

ኤርታይም ፌርነስና ኤስ-ኪው-ኤም ያለው። ለአብዛኛው ቤት የምመርጠው ይህን ነው። ኤርታይም ፌርነስ ራውተሩ ለእያንዳንዱ ስልክ በሚልከው ላይ ከተራ ይልቅ ሰዓት እኩል ያካፍላል፤ የጓዳው ስልክ ድርሻውን ሲጨርስ ለሌላው ይለቃል። ኤስ-ኪው-ኤም ደግሞ የመስመሩን ሰልፍ ያሳጥራል፤ ፍጥነቱን በትክክል ከምታገኙት ወደ 90 በመቶ ዝቅ አድርጋችሁ ታስገቡለታላችሁ። 10 ሜጋ ቢት ካላችሁ 9 ትጽፋላችሁ። እህቴ ጥቂት ፍጥነት ሰጥታ የማይቆራረጥ ድምፅ አገኘች፤ ይህን ልውውጥ ሁሌም እቀበላለሁ። ሁለቱም ኦፕን-ደብሊው-አር-ቲ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ ይገኛሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን ሁሉንም ራውተር አይቀበልም። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተለጠፈውን የቨርዥን ቁጥርም ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። መስመራችሁ በጣም ፈጣን ከሆነም ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ራውተር ኤስ-ኪው-ኤምን አይችለውም።

ዋይ-ፋይ 6። እዚህ ራውተሩ ራሱ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ይሆናል። 20 ሜጋ ኸርዝ የሆነውን ቻናል እስከ 9 ቦታ ሸንሽኖ በአንድ ጊዜ ለብዙ ስልክ ያድላል፤ ትንንሽ መልእክት የሚላላኩ 30 እና 40 ስልኮች ያሉበት ካፌ የሚጠቀመው ከዚህ ነው። ግን ተራ አስከባሪውን የሚሰሙት የዋይ-ፋይ 6 ስልኮች ብቻ ናቸው። ደንበኞቻችሁ የቆየ ስልክ የሚይዙ ከሆነ የከፈላችሁበትን አታገኙም። ይህን ሽንሸና የሚያበራው ኦ-ኤፍ-ዲ-ኤም-ኤ የሚለው ሴቲንግም አንዳንዱ ላይ ጠፍቶ ስለሚመጣ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አስከፍታችሁ እዩ። ጎረቤት ያፈነውን የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ግን እሱም ብዙ አያድነውም፤ እዚያ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ ውጡ። ዋይ-ፋይ 7ን የሚደግፍ ስልክ ከሌላችሁ ለጊዜው እለፉት።

ለሁለት ሕንጻ፣ ቲ-ዲ-ኤም-ኤ። ቢሮና መጋዘን፣ ወይም አንድ ጣሪያና ብዙ ደንበኛ ስታገናኙ ተራው ዋይ-ፋይ ይከዳል፤ ደንበኛው ሲበዛ በየቦታው የተተከሉት ጣቢያዎች እርስ በርስ ስለማይሰሙ እኩል ተናግረው ይጋጫሉ። የማይክሮቲክ ኤንቪ2 እና የዩቢኩቲ ኤርማክስ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ሰዓት ቆርጠው ይሰጣሉ፤ ቲ-ዲ-ኤም-ኤ ማለት ይህ ነው። ኤንቪ2 ላይ ዙሩ ከ1 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይስተካከላል፤ ስታረዝሙት የሚያልፈው ዳታ ትንሽ ይጨምራል፣ መዘግየቱም አብሮ ይጨምራል። ስልክ ለሚያወሩበት መስመር አሳጥሩት። ሁለቱ ኩባንያዎች በዚህ አሠራር አይግባቡምና የሁለቱንም ጫፍ ዕቃ ከአንዱ ግዙ። ስልክና ላፕቶፕም ቲ-ዲ-ኤም-ኤ ስለማያውቁ፣ ለመጋዘኑ ውስጥ ሌላ መደበኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይ-ፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ።