የሰው ሐሳብ የምትሰማ አስተናጋጅና ዝም የሚል ቫምፓየር

ቫምፓየሩ (ደም እየጠጣ የሚኖር ሕያው ሙት) ገብቶ ተቀመጠ። አስተናጋጇ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። በጠርሙስ የታሸገ ሰው ሠራሽ ደም አላችሁ ወይ አላት። ታዟል፣ ገና አልደረሰም አለችው። እንግዲያውስ ቀይ ወይን አምጪልኝ አለ። እንደማይጠጣው እሷም ታውቃለች።

እኔን የያዘኝ የመጽሐፉ ይህ ቦታ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ፊቱ ባዶ እንዳይሆንበት ብቻ አንድ ብርጭቆ አዝዞ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ስንቴ እንዳስተናገድኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ታውቂዋለሽ። ሒሳቡን ቶሎ አታመጪበትም፤ ብርጭቆውንም አታነሺበትም። ይህን ያላየ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊጽፈው አይችልም ብዬ አሰብኩና ሌላ ሥራዬን ሁሉ ትቼ ማንበቤን ቀጠልኩ።

መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቻርሊን ሃሪስ «ዴድ አንቲል ዳርክ» ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «እስኪመሽ ሙት» ይሆንልኛል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን የ13 ልብ ወለዶች መጀመሪያ ነው፤ የመጨረሻው በ2013 ታትሟል። እኔ ያገኘሁት የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉ መጻሕፍት በሚሸጥበት ቀን በ1 ዶላር ነው። ጀርባው ተሰንጥቋል፣ አንድ ገጽ ላይ ቡና ፈስሶበታል፤ ሌላ ሰውም በደንብ እንዳነበበው ያስታውቃል።

ታሪኩ የሚካሄደው ቦን ቶምፕ በምትባል፣ ደራሲዋ በሰሜን ሉዊዚያና ላይ በፈጠረቻት ትንሽ ከተማ ነው። ሱኪ ስታክሃውስ 25 ዓመቷ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናትና አባቷን ጎርፍ ወስዶባት አያቷ ዘንድ አድጋለች፤ መርሎትስ በሚባል ባር ትሠራለች። አንድ ነገር አለባት፦ የሰው ሐሳብ ይሰማታል። ልቧን ዘግታ ካልተከላከለች በስተቀር አጠገቧ የቆመው ሰው በሆዱ የሚለው ሁሉ ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። ትምህርት አልገባ ያላት በዚህ ምክንያት ነው፤ የወንድ ጓደኛ ያልያዘችውም በዚህ ነው። ከፊቷ ተቀምጦ ፈገግ የሚልላት ሰው ውስጡ ስለ እሷ የሚያስበውን እየሰማች እንዴት ትውደደው? የከተማው ሰው ደግሞ እብድ ናት ይላታል።

ቫምፓየሮቹ ከተደበቁበት ወጥተው «አለን» ካሉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጃፓኖች ሰው ሠራሽ ደም ስለሠሩ ከሰው ጋር መኖር ችለዋል። ቢል ኮምፕተን የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተሰልፎ ከዘመተ በኋላ ቫምፓየር የሆነ። ሱኪ ሐሳቡን ለማድመጥ ትሞክራለች። ምንም የለም። ጭልጥ ያለ ጸጥታ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ፍቅር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ እኔም ስለዚህ ነው የምጽፈው። ሌሎች የቫምፓየር ፍቅር ታሪኮች አንብቤያለሁ። ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ የምትወድቀው ለመልኩ፣ ለሀብቱ ወይም ለአደገኛነቱ ነው። ሱኪ ግን ደክሟታል። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ቀን ከጫጫታ አርፋ የማታውቅ ልጅ፣ አጠገቡ ስትቀመጥ ዝም የሚልላት ሰው አገኘች። ከስምንት ሰዓት ሺፍት በኋላ ቤት ገብቶ መብራት ሳያበራ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳይነግሩት ይረዳዋል። እኔ በቀን ሦስት ቋንቋ እሰማለሁ፤ ከወጥ ቤቱ ስፓኒሽ፣ ከጠረጴዛው እንግሊዝኛ፣ ከስልኬ አማርኛ። የምወደው ሰው ምን ዓይነት ይሁን ብባል፣ ከሥራ ስመለስ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ሳይጠይቀኝ ሻይ አፍልቶ አጠገቤ የሚቀመጠውን ነው የምለው። ፍቅርን ዕረፍት አድርጎ የሚያሳይ የፍቅር ልብ ወለድ ለእኔ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደግሞ የምታድነው እሷ ናት። በትውውቃቸው ምሽት አንድ ባልና ሚስት የቢልን ደም ቀድተው ሊሸጡ (የቫምፓየር ደም ሰውን ስለሚፈውስና ጉልበት ስለሚሰጥ በድብቅ ይቸበቸባል) አስረው አጋድመውታል። ሰንሰለት ይዛ የደረሰችለት አስተናጋጇ ናት።

በሌላ በኩል ግድያ አለ። በከተማዋ ሴቶች እየታነቁ ይገደላሉ፤ ሟቾቹ ከቫምፓየር ጋር የተኙ ናቸው ተብሎ ይወራል፤ የሱኪ ወንድም ጄሰን ይጠረጠራል። ሃሪስ ከ1981 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለድ ስታሳትም የቆየች በመሆኗ ይህን ክር በደንብ ይዛዋለች። ገዳዩን እኔ አላወቅኩትም ነበር። ካወቅኩ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳገላብጥ ፍንጩ ሁሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ጎንደር ላደገ ሰው ይህ መጽሐፍ ሌላም ነገር ያስታውሳል። እምዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ማታ ማታ ስለ ቡዳ ታወራልን ነበር፤ ቀን ሰው መስሎ ውሎ ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው። ፈርተን ጋቢዋ ሥር እንገባለን። ካደግኩ በኋላ ነው ቡዳ ይባሉ የነበሩት እነማን እንደሆኑ የገባኝ፦ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በእኛ አገር ደግሞ በተለይ ቤተ እስራኤሎች። ማረሻውን የሠራልህን፣ ምጣድህን የጋገረችልህን ሰው ከደጅህ አታስገባም ነበር። ቦን ቶምፕ ውስጥም አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ ቫምፓየሮቹ ይዞራል። ሱኪ ደግሞ ሐሳብ ስለምትሰማ አፍ የማያወጣውን ጥላቻ ሁሉ በጥሬው ትሰማዋለች፤ ለቡናው አመስግኖ ጉርሻ የሚተውላት ደንበኛ በሆዱ ምን እንደሚል ታውቃለች። እነዚህን ገጾች ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳቸው።

አያቷ አዴል ከሁሉም ይልቅ የወደድኳቸው ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ቫምፓየር ተዋወቅኩ ስትላቸው አይደነግጡም፤ ዕድሜው ስንት ነው፣ ጦርነቱን ያስታውሳል ወይ ነው ጥያቄያቸው። በጦርነቱ የሞቱትን የሚዘክር ማኅበር አላቸውና መጥቶ እንዲናገርላቸው ይጋብዙታል። ቤቱን አጽድተው ይጠብቁታል። የእንግዳው ምግብ ደም ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው! በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት ስለ ቅድመ አያታቸው ሲጠይቁት፣ ቢል አብሮት ነበርና እንዴት እንደሞተ ይነግራቸዋል። አገር ቤት ዘመቻ ሄዶ የቀረ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ይህን ትዕይንት በቀላሉ የሚያልፈው አይመስለኝም። አንድ ሰው መጥቶ «አብሬው ነበርኩ» ቢል!

እዚሁ ላይ ቅሬታም አለኝ። ቢል የተዋጋው ባርነትን ይደግፍ ለነበረው ለደቡቡ ወገን ነው። አያቷ ቤተሰቦቹ ባሪያ ነበራቸው ወይ ብለው ይጠይቁታል፤ ነበራቸው ይላል። ከዚያ ወሬው ያልፋል። እኔ ጥቁር ነኝ፤ ማለፍ አልቻልኩም። ሱኪ ስለ ብዙ ነገር በልቧ ረጅም ሐሳብ የምታወራ ልጅ ሆና እዚህ ላይ ምነው ዝም አለች? በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጥቁር ሰዎችም ከዳር ቆመው የሚታዩ ናቸው። ከእነዚህ መጻሕፍት የተሠራውን፣ «ትሩ ብለድ» የተባለውን ከ2008 እስከ 2014 የታየ ተከታታይ ፊልም ያያችሁ፣ ጥቁሯን የሱኪ ጓደኛ ታራን ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ፤ በዚህኛው ክፍል የለችም።

ሌላው፣ ቢል ቶሎ ያኮርፋል፤ አኩርፎ ሄዶ ድንገት ይመለሳል። ሽሬቭፖርት ከተማ ላይ ያለው የቫምፓየሮች ባርና ባለቤቱ፣ የጥንት ቫይኪንግ (የሰሜን አውሮፓ የባሕር ተዋጊ) የነበረው ኤሪክ ሲመጡ ግን ታሪኩ ይፈጥናል። ኤሪክ ብዙ ገጽ አልተሰጠውም፤ በተናገረ ቁጥር ግን ቢል ትንሽ ያንሳል። ደራሲዋ ወደፊት የምትፈልገው ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

መጽሐፉ የአዋቂ ነው። የአልጋ ትዕይንቶች በግልጽ ተጽፈዋል፤ ሱኪ በልጅነቷ በዘመድ የደረሰባትን በደል የምታነሳበት ቦታም አለ፤ አጭር ቢሆንም ይከብዳል። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጃችሁ ቫምፓየር ነው ብላችሁ አትስጡ። እንግሊዝኛው ግን ቀላል ነው፤ አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ተራኪዋ ራሷ ሱኪ። እዚህ አገር አዲስ ገብታችሁ ሰው እንዴት እንደሚያወራ መስማት ለምትፈልጉ ከብዙ የቋንቋ መማሪያ ይሻላል።

መሀል ላይ አንድ ለቅሶ አለ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ እየያዘ ይመጣል፤ ሱኪን እብድ የሚላት ሰው ሳይቀር። ሱኪ ሐሳባቸውን ትሰማለች፤ አንዳንዱ ለወሬ የመጣ ነው፣ አንዳንዱ ከልቡ። እምዬ ስታርፍ እኔ ቨርጂኒያ ነበርኩ፤ መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው። በማግሥቱ አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ ስማቸውን በወጉ የማላውቃቸው ሰዎች እንጀራና ሽሮ ይዘው ሞልተው ነበር። ማን ለምን እንደመጣ አላውቅም፤ ባውቅ እመርጥ እንደነበርም እርግጠኛ አይደለሁም። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ። የቫምፓየር ልብ ወለድ ይህን ያደርገኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሁለተኛውን ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ለመዋስ ተመዝግቤያለሁ፤ ታሪኩ ወደ ዳላስ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ከእኔ ጋር የምሽት ሺፍት የምትሠራው ልጅ ወስዳዋለች። ትናንት ማታ በዕረፍት ሰዓቷ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታነብ አገኘኋት፤ ምዕራፍ ሦስት ደርሳለች። አራት ቁጥር ጠረጴዛ ሲጠራት እኔ ሄድኩላት።