ከስትሮክ በኋላ ራስን መመዘን፦ በታካሚው የሚሞላው የባርቴል መጠይቅ ሲገመገም

አባቴ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ከደከመ በኋላ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠን አንድ ገጽ መጠይቅ ነበር። በባርቴል መለኪያ ላይ ተመሥርቶ ታካሚው ራሱ እንዲሞላው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለስድስት ወራት በየወሩ ስንሞላው ስለቆየን ጥቅሙንም ጉድለቱንም በቅርብ አይተናል።

መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ሐኪሟ ፍሎረንስ ማሆኒና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዶሮቲያ ባርቴል ናቸው። መመገብን፣ ገላ መታጠብን፣ ፊትንና ጥርስን ማጽዳትን፣ መልበስን፣ ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠርን፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወርን፣ መራመድንና ደረጃ መውጣትን በ10 ጥያቄዎች ይመዝናል፤ ድምሩም ከ0 እስከ 100 ነው። በምርኩዝ የሚራመድ ሰው ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል፤ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ካለበት ግን አይቆጠርም።

ከሁሉ የወደድሁት፣ መጠይቁ የሚፈልገው ሰውየው ሊያደርግ የሚችለውን ሳይሆን በየዕለቱ የሚያደርገውን መሆኑ ነው። አባቴ በመጀመሪያው ወር በመልበስ ረገድ ሙሉውን 10 ነጥብ ለራሳቸው ሰጥተው ነበር፤ ሆኖም ሸሚዛቸውን በየማለዳው የምትቆልፍላቸው እናቴ ነበረች። «ዛሬ ጠዋት ማን ቆለፈልዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና መልሱን ራሳቸው ወደ 5 ዝቅ አደረጉት። ይህን ውሸት ወይም ኩራት አድርጎ መውሰድ ትልቅ በደል ነው። በተለይ የቀኝ አንጎል ሲጎዳ ሰውየው የራሱን ድክመት አለማወቁ፣ በግራ በኩል ያለውንም ነገር ልብ አለማለቱ ከሕመሙ የሚመጣ ነው።

ቤተሰብም ቢሆን ፍጹም ዳኛ አይደለም፤ አስታማሚዎች የታካሚውን ችግር እርሱ ከሚያየው በላይ አክብደው የመመዘን ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ ሁለት ቅጽ ወስደን አባቴ አንዱን፣ እኔና እናቴ ሌላውን ለየብቻ ሞልተን እናስተያይ ጀመር። ከአልጋ ወደ ወንበር በመዘዋወር እርሳቸው 15፣ እኛ 10 ብለን ስንለያይ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ባለበት አስሞከርናቸው፤ ትክክል የነበሩት እርሳቸው ነበሩ። እኛ ለካ እንዳይወድቁ ፈርተን፣ ሳያስፈልጋቸው ክንዳቸውን ስንይዝ ኖረናል። ለእኔ የዚህ ቅጽ ትልቁ ዋጋ ከድምሩ ይልቅ ይህን ንግግር ማስጀመሩ ነው።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። የተሰጠን ቅጽ ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ፣ የመናገርና የማንበብ ችሎታው ለተጎዳ ሰው ሥዕል ካልታከለበት ወይም በጣት እያመለከተ እንዲመልስ ካልተረዳ አይሆነውም። ድካም መልስን ስለሚለውጥም፣ በየወሩ በተመሳሳይ ሰዓት መሙላት እንደሚያስፈልግ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን 100 ነጥብ የሚያሳድረው የተሳሳተ እምነት ነው። 100 ያገኘ ሰው ብቻውን መኖር ይችላል ማለት እንዳልሆነ፣ ምግብ ማብሰልም ሆነ ቤት ማስተዳደር ሊሳነው እንደሚችል አዘጋጆቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። መድኃኒትን በሰዓቱ ስለ መውሰድ፣ ስልክ ስለ መጠቀምና ገንዘብ ስለ መያዝ ለማወቅ፣ ሎውተንና ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡትን ባለ 8 ክፍል መጠይቅ ማከል ይበጃል። ስሜትንና ትውስታን ጭምር የሚያካትተው የስትሮክ ተጽዕኖ መለኪያም አለ፤ ነገር ግን 59 ጥያቄዎች ስላሉት ቶሎ ለሚደክም ሰው በአንድ ጊዜ መጨረሱ ይከብዳል።

ከሆስፒታል ለወጣና አካላዊ ሥራዎችን ገና እንደገና ለሚለማመድ ሰው መጠይቁን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለመሙላት ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አባቴ አሁን 90 ላይ ደርሰዋል፤ የቀሯቸው ገላ መታጠብና ደረጃ መውጣት ናቸው። በሚቀጥለው ወር ግን ከዚህ ቅጽ ጎን ስለ መድኃኒትና ስለ ስልክ የሚጠይቀውንም እንሞላለን፤ የጠዋቱን ኪኒን አሁንም ቆጥራ የምትሰጣቸው እናቴ ናትና።