«ጌት»ን አውጥተው ይፈትኑት፦ ሐዋሳ ላይ የሚሸጡ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲገመገሙ

ሐዋሳ ላይ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈልጎ ማጣት የለም። ከመጻሕፍት መደብሩ ጀምሮ ላስቲክ አንጥፎ መንገድ ዳር እስከሚሸጠው ድረስ ሁሉም ጋ አለ። ገዢው የሚቸገረው የቱን እንደሚወስድ ነው። በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታው የኪስ መዝገበ ቃላት፣ ሌላው እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታው ወፍራሙ «ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ»፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ኮፒው። ሦስተኛው ስልክ ላይ የሚጫነው ነው።

ሻጮች መጀመሪያ የሚያሳዩት ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የቃላት ብዛት ነው። እሱን ይተዉት። «ሃይድሮጅን»ን ወይም «ፓርላማ»ን የማይፈታ መዝገበ ቃላት የለም፤ ፍቺያቸው አንድ ነው። የአዘጋጁ ሥራ የሚታየው በየቀኑ በሚነገሩት ትንንሽ ግሦች ላይ ነው፤ ቴክ፣ ፑት፣ ሜክ፣ ጌት። ከነዚህ ውስጥ ለመፈተኛ የሚሻለው ጌት (get) ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከአፉ አይለየውም፣ ፍቺውም ከኋላው በሚመጣው ቃል ይለዋወጣል። እንግዲህ ብር ከመክፈልዎ በፊት ይህችን አንዲት ቃል አውጥተው ያንብቡ።

የኪሱ መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። በአብዛኞቹ ላይ ከጌት ፊት ለፊት የሚገኘው «አገኘ፣ ተቀበለ፣ ያዘ» ብቻ ነው፤ ምሳሌ የለም፣ የአገባብ ምልክት የለም። ፍቺው ውሸት አይደለም፣ ግን ተማሪውን ያሳስተዋል። የአማርኛው «አገኘ» ሰፊ ነው፤ ጓደኛንም፣ የጠፋ ቁልፍንም፣ ሥራንም «አገኘሁ» እንላለን። እንግሊዝኛው ግን ለሦስቱ ሦስት ቃል አለው። ለጓደኛ «ሜት»፣ ለጠፋው ቁልፍ «ፋውንድ»፣ ለሥራው «ጎት» ነው የሚባለው። በኪሱ መዝገበ ቃላት የሚመራ ልጅ «ትናንት ጓደኛዬን አገኘሁት» ለማለት «አይ ጎት ማይ ፍሬንድ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩ በቀይ ያሰምርበታል፤ ልጁ ግን መዝገበ ቃላቱን ስላመነ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይገባውም።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ከጌት በኋላ ቅጽል ሲመጣ «አገኘ» የሚለው ፍቺ ጨርሶ አይሠራም። «ጌት ታየርድ» ደከመ ነው፣ «ጌት አንግሪ» ተናደደ፣ «ጌት ዌት» በዝናብ በሰበሰ፣ «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየመሸ ነው። አማርኛው ይህን ለውጥ በራሱ በግሡ ውስጥ ስለሚይዘው ለጌት ለብቻው የሚሰጠው ቃል የለውም። ለዚህ አንድ መስመር ምሳሌ ያልጻፈ መዝገበ ቃላት ከሞላ ጎደል የቃሉን ግማሽ ትቶታል ማለት ይቻላል።

ወፍራሙ ኦክስፎርድ የሚበልጠው በዚህ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያውኑ የተዘጋጀው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች ነው፤ ሆርንቢ የተባለው አዘጋጅ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታተመ፣ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አወጣው። ስለዚህ ግሡ ከምን ጋር እንደሚሄድ በግልጽ ያሳያል። ጌት ጋ ሲደርሱ ፍቺዎቹ በቁጥር ተለያይተው፣ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ተሰጥቶ ያገኙታል። ሥራ ወይም ደብዳቤ ማግኘት፣ ሄዶ ማምጣት («ጌት ሚ ኤ ግላስ ኦቭ ዋተር»፣ ውሃ አምጣልኝ)፣ መድረስ («ጌት ቱ ሻሸመኔ»)፣ መረዳት («አይ ዶንት ጌት ኢት»፣ አልገባኝም)፣ በበሽታ መያዝ፣ ሁሉም በየቦታው አለ።

ከሁሉም ግን ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅመው ሥራን በሌላ ሰው ማሠራትን የሚያሳየው ክፍል ነው። «አይ ጎት ማይ ሹስ ሜንድድ» ጫማዬን አስጠገንኩ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ «አስ» ብሎ በአንድ ፊደል ጥንድ የሚጨርሰውን እንግሊዝኛው በጌት ያደርገዋል፤ ይህን አንዴ ያየ ሰው ሰዋስው መሸምደድ አያስፈልገውም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ያለችን ልጅ የውጭ ሱፐርቫይዘር «ጌት ዚስ ማሺን ፊክስድ» ቢላት መካኒክ ጠርተሽ አሠሪው ማለቱ ነው። ራስሽ ጠግኚው ማለት አይደለም። ልዩነቱን ካላወቀች መፍቻ ይዛ መርፌው ጋ ልትጀምር ትችላለች።

ሠሪው ሰው በስሙ ሲጠቀስ ደግሞ አገባቡ ይለወጣል። «ጌት ሂም ቱ ፊክስ ኢት» ነው፤ «ቱ» የግድ ናት። በ«ሜክ» እና በ«ሀቭ» ሲሆን ግን «ቱ» ትቀራለች፤ «ሜክ ሂም ፊክስ ኢት» ይባላል። ተማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ፤ ምክንያቱም በአማርኛ ሁሉም «አስጠገነው» ነው። ስለ ጋብቻም እንዲሁ፤ «ጌት ማሪድ ቱ» ነው እንጂ «ዊዝ» አይባልም፤ «ከእሷ ጋር ተጋባ» የሚለው አማርኛችን ነው «ዊዝ»ን የሚያመጣብን። ጥሩ መዝገበ ቃላት እነዚህን ትንንሽ ቃላት ጎልቶ በሚታይ ጽሑፍ ያስቀምጣቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ጌትን ተከትለው የሚመጡትን ጥንድ ቃላት ይመልከቱ። እነዚህ ከዋናው ፍቺ ስር ተነጥለው፣ ለብቻቸው በዝርዝር መቀመጥ አለባቸው፦ ጌት አፕ ከመኝታ ተነሣ፣ ጌት አሎንግ ተስማማ፣ ጌት ኦቨር ከሐዘን ወይም ከሕመም ተሻለው፣ ጌት ባይ እንደ ምንም ኑሮውን ገፋ፣ ጌት ሪድ ኦቭ አስወገደ። እንግዳ የሚቀበል ሰው በተለይ መሳፈሪያዎቹን ማወቅ አለበት። ቆመው ወይም ተራምደው የሚገቡበት ነገር ላይ፣ ማለትም አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ላይ፣ እንዲሁም ከላይ የሚቀመጡበት ብስክሌትና ፈረስ ላይ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ይባላል። ጎንበስ ብለው ለሚገቡበት ለመኪናና ለባጃጅ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። ሐይቁ ላይ ለሚወስዱት ትንሿ ጀልባም «ጌት ኢን» ነው። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ቱሪስት የሚያሳፍር ልጅ ይህን ለይቶ ቢያውቅ ንግግሩ ወዲያው ይስተካከላል።

የአጠራር ነገርም አለ። አንዳንድ የኪስ መዝገበ ቃላት አጠራሩን በአማርኛ ፊደል ይጽፋሉ፤ ሐሳቡ ደግ ነው፣ ግን ይህንንም ቃል የግቢ በር የሚለውንም ሁለቱንም «ጌት» ብለው ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያው አጭር አናባቢ ነው፣ በሩ ግን ወደ «ይ» ይሳባል። ለዚህ ከወረቀት ይልቅ ስልክ ይሻላል፤ የኦክስፎርድም ድረ ገጽ በነፃ የእንግሊዝንና የአሜሪካን አጠራር ለይቶ ያሰማል። እግረ መንገዱንም አሜሪካኖች ለ«ሀቭ ጎት» ሌላ ቅርጽ፣ «ጎትን» የሚባል እንዳላቸው ያሳያል። «አይቭ ጎት» አለኝ ነው፣ «አይቭ ጎትን» ግን አግኝቻለሁ ወይም ሆኛለሁ ነው።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት ነፃ አፕሊኬሽኖች ግን አያስተማምኑም። ፍቺ ይደረድራሉ፣ የትኛው የተለመደ የትኛው ብርቅ እንደሆነ አይለዩም። የትርጉም አፕሊኬሽንም «አይ ጎት ኢት» ብቻውን ሲሰጠው አገኘሁት ይሁን ገባኝ ይሁን አያውቅም፤ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር፣ ከተቻለ ከፊቱ ካለው ጋር አብሮ ማስገባት ያስፈልጋል።

ኦክስፎርድን ኮፒውን ለመግዛት የወሰነ ሰው መጽሐፉን እንደ ዕቃ ይመርምረው። በዋናው እትም ዋና ቃላቱ በቀለም ተለይተዋል፤ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ቀለሙ ስለሚጠፋ ዐይን ቶሎ አያገኛቸውም። የአጠራር ምልክቶቹ ደቃቅ በመሆናቸው ቀለም ከፈሰሰባቸው አይነበቡም፤ ጌት ጋ ያሉትን ምልክቶች አንብበው ይፈትሹ። መሐሉን በሰፊው ገልጠው ጀርባውን ይመልከቱ፤ ሙጫው ከተሰነጠቀ ሁለት ወር ሳይሞላው ገጾቹ ይራገፋሉ። የገጽ ቁጥሩን በሦስት አራት ቦታ ይከታተሉ፤ አንድ ጥራዝ ሁለቴ ገብቶ ሌላው የሚጎድልበት ጊዜ አለ። ከዋናው ጋር የሚመጣው ዲስክ ወይም የኮድ ካርድም ከኮፒው ጋር አይመጣም።

ለማን የቱ ይሻላል? ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ኦክስፎርድ ሊከብደው ይችላል፤ ፍቺዎቹ የተጻፉት ወደ 3,000 በሚጠጉ ቃላት ስለሆነ እነሱን ያላወቀ ልጅ ፍቺውን ለመፍታት ሌላ ፍቺ ይፈልጋል። ለእሱ ሎንግማን የተባለው መዝገበ ቃላት ይቀለዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ፍቺዎቹን ወደ 2,000 በሚጠጉ ቃላት ወስኖ ነው የሚጽፈው። የኪሱን ለንባብ፣ የማያውቁትን ስም ቶሎ ለማየት፣ ይያዙት፤ ግሥ ግን አይመኑበት። ለሆቴል ሠራተኛ፣ ለአስጎብኚና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ኦክስፎርድ ዋጋውን ያወጣል። ለመምህር ኮፒው አይበቃም፤ ዋናውን ይግዛ።

የሥራ ማመልከቻ የሚጽፉ ደግሞ ኦክስፎርድ ላይ ከፍቺው አጠገብ «ኢንፎርማል» የሚለውን ምልክት ሲያዩ አይለፉት። ጌት በንግግር ያምራል፤ በማመልከቻ ላይ ግን «ሪሲቭ»፣ «ኦብቴይን» ወይም «ቢካም» ይሻላል። «አይ ጎት ማይ ዲግሪ» ስህተት አይደለም፤ «አይ ሪሲቭድ ማይ ዲግሪ» ግን ለቀጣሪ ይመጥናል።

መጽሐፉ በላስቲክ ተሸፍኖ ከሆነ ሻጩን እንዲከፍተው ይጠይቁት። እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።