ፈጣኑ የኦዞን መለኪያ ባሕር ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በሰከንድ 10 ጊዜ ይለካል የተባለው እውነት ነው። ፓምፑም ሰርኪዩቱም አላስቸገሩም። ያስቸገረው ዲስኩ ነው፤ ያለ ዲስኩ ደግሞ የቀረው ባዶ ሳጥን ነው።

ኩማሪን የተባለ ቀለም የተቀባው ዲስክ ኦዞን ሲያገኘው ደካማ ብርሃን ይሰጣል፤ ፎቶመልቲፕላየሩ፣ ማለትም ደካማ ብርሃንን የሚያጎላው ክፍል፣ ያንን ይለካል። ግን ብርሃን የሚሰጠው ቀለሙ እየተበላ ነው። አዲስ ዲስክ በከፍተኛ ኦዞን ውስጥ ለሰዓታት ካልቆየ ንባቡ ይዋዥቃል፤ ከተረጋጋ በኋላም ትብነቱ፣ ማለትም ለአንድ መጠን ኦዞን የሚሰጠው ምላሽ፣ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ዲስኮች እንኳ እኩል አይደሉም። «ፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የመጣው» ለሚል ሻጭ መልሱ አጭር ነው፦ የትኛው ዲስክ?

ስለዚህ በ254 ናኖሜትር የሚለካ ዘገምተኛ የአልትራቫዮሌት መሣሪያ አጠገቡ የግድ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የፈጣኑን አማካይ ቮልቴጅ ለዘገምተኛው ፒፒቢ (ከቢሊዮን የአየር ክፍል የኦዞኑ ድርሻ) ማካፈል፤ ያ የዚያ ግማሽ ሰዓት ትብነት ነው። ከማካፈል በፊት ግን አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ የዜሮውን ንባብ መቀነስ ያስፈልጋል። ካልተቀነሰ ትብነቱ ተጋንኖ ፍሰቱ፣ ማለትም ከአየር ወደ ታች የሚወርደው የኦዞን መጠን፣ ከእውነቱ ያንሳል፤ ዲስኩ ባረጀ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ይህ ሁሉ ደን ላይ ይታለፍ ነበር። ባሕር ኦዞንን የሚውጠው በሰከንድ 0.03 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ቀን ላይ ደን ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይስባል። አየሩ 30 ፒፒቢ ቢይዝ፣ ይህ በፍጥነቱ ሲባዛ የባሕሩ ፍሰት 0.009 ፒፒቢ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። አሁን እርጥበቱን ጨምሩበት፦ ባሕሩ በካሬ ሜትር 100 ዋት የሚያህል ሙቀት በትነት ቢሰጥ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ተን ኦዞኑን በማቅጠኑ ብቻ ወደ 0.0016 የሚጠጋ የሐሰት ፍሰት ይፈጠራል። ከእውነተኛው ፍሰት አንድ ስድስተኛ ገደማ መሆኑ ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ታች ስለሆነ ባሕሩ የዋጠ ይመስላል። ይባስ ብሎ ዲስኩ ራሱ በእርጥበት ትብነቱ ይለዋወጣል። ፈጣን የእርጥበት መለኪያ በዚያው ቱቦ ላይ ካልተሰካ እርማቱ ግምት ነው። ብሮሹሩ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አይተነፍስም።

አየር መግቢያው ላይ ያለውን የቴፍሎን ማጣሪያም አትርሱ። የባሕር ጨው ቴፍሎኑ ላይ ሲረጥብ፣ ባሕሩ ውሃ ላይ ኦዞንን የሚያጠፋው አዮዳይድ (የአዮዲን ዓይነት) እዚያም ያጠፋዋል። ንባቡን ከማጣሪያው ጋርና ያለ ማጣሪያው እያነጻጸሩ፣ ልዩነት ሲታይ ወዲያው መቀየር ነው።

ለደን ይገዛ። ለመርከብ ግን ገንዘቡ ይቆጨኛል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚጠቀመው ዓይነት ይሻል ነበር። መርዛማ ጋዝ በሲሊንደር መጫን፣ ትልቅ የቫኩም ፓምፕ፣ አየሩንም ማድረቅ ይጠይቃል፤ እሺ ይጠይቅ። ትብነቱ ግን ቀለም እየተበላ አይወርድም።